አትፈርም! የስንብት ክፍያ ምጽዋት አይደለም

ወገን! ዛሬ ስለ ታሪክ አልጽፍም። ስለ ባንዲራም አልጽፍም። ዛሬ የምጽፈው ስለ አንድ ወረቀት ነው።

ይሄ ወረቀት ነገ ጠዋት አንተ ፊት ሊቀመጥ ይችላል። ወይ እህትህ በምትሠራበት ፋብሪካ፣ ወይ አባትህ ጥበቃ በሆነበት ግቢ፣ ወይ ጓደኛህ አምና "ቀናኝ" ብሎ በገባበት ድርጅት። የሰው ኃይል ኃላፊው በሩን ይዘጋል፣ ወንበር ይሰጥሃል፣ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። "እንደምታውቀው ገበያው ቀዝቅዟል፣ ድርጅቱ ሰው ለመቀነስ ተገዷል። አንተ ጎበዝ ልጅ ነህ፤ ፋይልህ እንዳይበላሽ ብለን በራስህ ፈቃድ እንደለቀቅክ አድርገን ጽፈንልሃል። እዚህች ጋ ፈርም። የአንድ ወር ደመወዝ ደሞ እንጨምርልሃለን።"

ልብ በል፣ "እንጨምርልሃለን" ነው ያለህ። የአንተን ብር ወስዶ ቁራሹን መልሶ ሲሰጥህ "እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ" ብለህ እንድትወጣ ነው የሚፈልገው።

የዛሬው መልእክቴ አንድ ነው፦ አትፈርም። መጀመሪያ አንብብ፣ ቀጥሎ አስላ፣ ከዚያ ቀን ቁጠር።

"አንተ ማን ነህ?" ካልከኝ፣ እንደ ብዙዎቻችሁ ዲግሪ ይዤ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር የምቆም ሰው ነኝ። ሥራ የለኝም፤ ጊዜ ግን አለኝ። በዚህ ጊዜዬ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ። ጠበቃ አይደለሁም። ግን አዋጁ በአማርኛ የተጻፈ ነው፣ ፊደል ለቆጠረ ሁሉ ክፍት ነው። በኮሜንት ሦስት ሰዓት የምንከራከር ልጆች እንጀራችንን የሚወስነውን ሕግ ለማንበብ አንድ ምሽት አጥተን ነው? አይመስለኝም። ማንም "አንብቡ" ስላላለን ነው። ይኸው እኔ አልኩ።

ወሬ አይደለም፣ እየሆነ ነው

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ስንት ተባለ! የፓርኩ ትልቅ ስም የነበረው የአሜሪካው ፒቪኤች በኅዳር 2014 ዓ.ም. ፋብሪካውን ዘግቶ ወጣ። ወር ከምናምን ሳይቆይ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ ተጠቃሚነት አስወጣች። ውሳኔው የተወሰነው ዋሽንግተን ነው፤ የቤት ኪራይ መክፈያ ያጣችው ግን ሐዋሳ ውስጥ አንዲት ክፍል ለአራት ተከራይታ የምትኖር ልብስ ሰፊ ናት።

በጥር 2017 ዓ.ም. ደሞ የአሜሪካ ዕርዳታ ሲቆም በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ በሺዎች የሚቆጠሩ የጤና ሠራተኞች ውል ተቋረጠ። እነዚህ ያልተማሩ ሰዎች አልነበሩም። እንደኔና እንዳንተ ጋዋን ለብሰው ፎቶ የተነሡ ናቸው።

"እንግዲህ ምን ይደረግ፣ ችግር ነው" የሚል አለ። ችግርማ ነው። ግን ዝናብ አይደለም፤ ሕግ የሚገዛው ችግር ነው። አስታውስ፣ በ2012 ዓ.ም. በኮቪድ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወቅት መንግሥት አሠሪዎች ሠራተኛ እንዳያሰናብቱ በደንብ ከልክሎ ነበር። ሲፈለግ ይቻላል ማለት ነው። በደህናው ጊዜም ቢሆን ማን እንደሚቀነስ፣ እንዴት እንደሚቀነስ፣ ስንት ብር ይዞ እንደሚወጣ የተጻፈ ነገር አለ። ችግሩ የተጻፈውን የሚያውቀው አንደኛው ወገን ብቻ መሆኑ ነው።

"የራሳችን ሰው እኮ ነው!"

እዚህ ገጽ ላይ የምንሰባሰብ ሰዎች የምንወዳት ቃል አለች፦ ወገን። እኔም እወዳታለሁ። ግን ይህችን ቃል እየተከለሉባት ያሉ ሰዎች አሉ።

አንድ ፋብሪካ ሠላሳ ሰው አባረረ ብሎ አንዱ ሲጽፍ ምን እንደሚመለስለት ሁላችሁም ታውቃላችሁ። "ባለሀብቱ የእኛ ልጅ ነው። ለሕዝቡ ብሎ ነው የከፈተው። ስሙን አታጥፉ፣ ጠላት ደስ ይለዋል። ጊዜው አይደለም።"

እሺ፣ ባለሀብቱ የእኛ ልጅ ነው። የተባረሩት ሠላሳዎቹስ የማን ልጆች ናቸው? ከሰማይ ነው የወረዱት?

ወገንተኝነት ወደ ላይ ብቻ የሚያይ ከሆነ ስሙ ሎሌነት ነው። ወገኑን የሚወድ ባለሀብት በቴሌቶን ቀን በያዘው ማይክ አይለይም። ሠራተኛ በቀነሰ ቀን በከፈለው ሒሳብ ይለያል። ሕጉ ያዘዘውን ሳይሸራርፍ የከፈለ ካለ እሱን እናመስግን፣ ፎቶውንም እንለጥፍ። ያልከፈለውን ግን የትውልድ መንደሩን ጠይቀን አንምረው። የውጭ ዜጋ ሲሆን ጮኸን፣ የእኛ ሲሆን አፋችንን ከዘጋን ጩኸታችን ስለ ፍትሕ አልነበረም ማለት ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

አንደኛ፣ አሠሪ ሠራተኛ መቀነስ ይችላል። ይሄን አንካድ። አንቀጽ 28 ምክንያቶቹን አስቀምጧል፦ ሠራተኛው የተሰማራበት ሥራ በከፊል ወይም ሙሉ በሙሉ በቀጥታና በቋሚነት ሲቆም፣ የምርቱ ወይም የአገልግሎቱ ተፈላጊነት ወርዶ ሥራው ወይም ትርፉ ሲቀንስ፣ ምርታማነትን ለመጨመር አሠራር ሲለወጥ ወይም አዲስ ቴክኖሎጂ ሲገባ። "አለቃው ዓይንህን ጠላው" የሚል እዚያ ውስጥ የለም። "የእህቱን ልጅ ሊያስገባበት ነው" የሚልም የለም። እንዲያውም አንቀጽ 26 ብሔርህ፣ ሃይማኖትህ፣ ጾታህ፣ የፖለቲካ አመለካከትህ፣ የሠራተኛ ማኅበር አባልነትህ፣ ወይም ቅሬታ ማቅረብህ ለስንብት ሕጋዊ ምክንያት እንደማይሆን ይናገራል።

ሁለተኛ፣ ቅነሳ ቁጥር አለው። በአንቀጽ 29 መሠረት የሠራተኛ ቅነሳ የሚባለው ቢያንስ ከድርጅቱ ሠራተኛ 10 በመቶውን የሚነካ ሲሆን ነው። ከ20 እስከ 50 ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ደሞ ቢያንስ 5 ሰው ሲነካ። ይሄ ቁጥር ከሞላ አሠሪው ብቻውን በሩን ዘግቶ ስም አይመርጥም። ከሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ከሠራተኞች ተወካዮች ጋር መመካከር አለበት።

ማን ይቀራል? የሥራ ችሎታና ከፍ ያለ ምርታማነት ያለው። በዚህ እኩል ከሆኑስ? ሕጉ ተራ አውጥቷል። መጀመሪያ የሚነካው አገልግሎቱ አጭር የሆነ ነው፤ ቀጥሎ ጥቂት ጥገኛ ያለው። አካል ጉዳተኞች፣ እዚያው ሥራ ላይ ጉዳት የደረሰባቸው፣ የሠራተኛ ተወካዮች፣ ነፍሰ ጡሮችና ከወለዱ 4 ወር ያልሞላቸው እናቶች ወደ መጨረሻው ናቸው። ስለዚህ ጠይቅ! ዝርዝሩ በምን መስፈርት ወጣ? ማን ተማከረ? ቃለ ጉባኤው የት አለ? ስምንት ዓመት የሠራችው ነፍሰ ጡር ወጥታ አምና የገባው ለምን ቀረ? እነዚህ የጥጋብ ጥያቄዎች አይደሉም። ፍርድ ቤት ብትደርስ ዳኛው የሚጠይቃቸው ናቸው።

ሦስተኛ፣ ማስጠንቀቂያ። በጽሑፍ መሆን አለበት። የሚቋረጥበትን ምክንያትና ውሉ የሚቋረጥበትን ቀን መግለጽ አለበት። የሙከራ ጊዜውን ጨርሶ በቅነሳ ለሚሰናበት ሠራተኛ የማስጠንቀቂያው ጊዜ 2 ወር ነው። ማታ በቴሌግራም "ከነገ ጀምሮ አትምጡ" ተብሎ የተላከ መልእክት ማስጠንቀቂያ አይባልም። ጊዜውን ሳይጠብቅ ካስወጣህ የዚያን ጊዜ ደመወዝ ከሌላው ክፍያ በተጨማሪ ይከፍልሃል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በል፦ የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። በዚያ ጊዜ ውስጥ ከሆንክ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ስንብት ክፍያ ሊያሰናብቱህ ይችላሉ። "አንድ ዓመት ሙሉ ሙከራ ላይ ነህ" የሚልህ ግን ያሾፍብሃል።

አሁን ካልኩሌተር አውጣ

አራት ዓመት ሠርተሃል እንበል። የመጨረሻው ሳምንት አማካይ የቀን ደመወዝህ 300 ብር ነው። አንቀጽ 40ን ይዘን እናስላ።

ለመጀመሪያው ዓመት የቀን ደመወዝህ በ30 ይባዛል፦ 9,000 ብር።

ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚህ አንድ ሦስተኛ ይጨመራል፦ 3,000 ብር ለ3 ዓመት፣ 9,000 ብር። እስካሁን 18,000 ብር። (የዚህኛው ጣሪያ የ12 ወር ደመወዝ ነው።)

የተሰናበትከው በቅነሳ ወይም ድርጅቱ በመዘጋቱ ስለሆነ በዚህ ላይ የቀን ደመወዝህ በ60 ተባዝቶ ይታከላል፦ ሌላ 18,000 ብር።

ድምር፦ 36,000 ብር።

ገና አልጨረስንም። ያልወጣህበት የዓመት ፈቃድ በገንዘብ ይታሰብልሃል፤ የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፣ ለየሁለት ተጨማሪ ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምራል። ያልተከፈለህ የትርፍ ሰዓት ካለ ይከፈልሃል። ማስጠንቀቂያ ካልተሰጠህ የ2 ወር ደመወዝ አለ። የሥራህን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመንህንና ደመወዝህን የሚገልጽ የሥራ ልምድ ማስረጃ ደሞ በነፃ ይሰጥሃል።

አሁን ወደዚያ ወረቀት ተመለስ። "በራሴ ፈቃድ ለቅቄያለሁ" ይላል አይደል? በራሱ ፈቃድ የለቀቀ ሠራተኛ በዚያ ምክንያት ብቻ የስንብት ክፍያ እንዲያገኝ ቢያንስ 5 ዓመት ማገልገል አለበት። አንተ ደሞ አራት ዓመትህ ነው። ስለዚህ ያቺ ፊርማ 36,000 ብሩን ወደ ዜሮ ልታወርድብህ ነው። "እንጨምርልሃለን" ያለው አንድ ወር በዚህ ስሌት 9,000 ብር ገደማ ነው። 27,000 ብር በአንድ እስክሪቢቶ! ሌባ ሌሊት አጥር ዘሎ ቢወስድብህ "ሌባ! ሌባ!" ትላለህ። ይሄኛው ሻይ አዞልህ ስለሆነ ነው ዝም የምትለው?

አምስት ዓመት ያለፍክ ብትሆንም "በራሴ ፈቃድ" ስትል ያንን 60 ቀንና የማስጠንቀቂያውን ጊዜ ታጣለህ። ስለዚህ ቃሏ ለማንም አትበጅም፣ ለአሠሪው ካልሆነ በቀር።

ፊርማው

አንቀጽ 25 ወርቅ ነው። ሠራተኛና አሠሪ በስምምነት ውል ማቋረጥ ይችላሉ ይላል፤ ስምምነቱ ሠራተኛውን የሚያስገድደው በጽሑፍ ሲሆን ብቻ ነው ይላል። ከዚያ ግን ይሄን ይጨምራል፦ ሠራተኛው በሕግ የተሰጠውን መብት መተዉ በሕግ ፊት ዋጋ የለውም። በአጭሩ፣ "ምንም አልጠይቅም" ብለህ ብትፈርም እንኳ ሕጉ "የአንተን መብት እንዲህ በቀላሉ አታስወስድም" እያለህ ነው።

እና ቀድሞ የፈረመ ሰው ተስፋ አይቁረጥ። ግን "በራሴ ፈቃድ" የሚል ማመልከቻ በራሱ እጅ ጽፎ የሰጠ ሰው በኋላ "ተገድጄ ነው" ሲል ማስረዳት ይጠበቅበታል፣ ያ ደሞ አቀበት ነው። ስለዚህ ከመነሻው አትግባበት። ደብዳቤ መረከብህን እንድትፈርም ከጠየቁህ ከፊርማህ ጎን በእጅህ ጻፍ፦ "ደብዳቤው ደርሶኛል፤ በይዘቱ አልስማማም"፤ ቀኑንም አክልበት። ኮፒውን ጠይቅ። ካልሰጡህ በስልክህ ፎቶ አንሣ።

ክሊራንስ ላይም ተጠንቀቅ። የድርጅቱን ዕቃ በደንብ አስረክብ፣ ቁልፉን፣ ላፕቶፑን፣ ዩኒፎርሙን። ያ ግዴታህ ነው። ግን ከቅጹ ግርጌ በትንንሽ ፊደል "ከዚህ በኋላ ምንም ዓይነት የክፍያ ጥያቄ የለኝም" የምትል መስመር ትኖራለች። ዕቃ ማስረከብና መብት ማስረከብ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ቀን ቁጠር!

ፊርማው ያልጨረሰህን የቀን መቁጠሪያው ይጨርስሃል። ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ጋ ነው።

ውሉ ከተቋረጠ በኋላ አሠሪው ክፍያህን በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መክፈል አለበት። ያለ በቂ ምክንያት ካዘገየ እስከ 3 ወር ደመወዝህ የሚደርስ ተጨማሪ ክፍያ ሊፈረድበት ይችላል። እሱ ግን "ኦዲት ላይ ነን፣ ከበዓል በኋላ ና"፣ "ፈራሚው መስክ ወጥቷል"፣ "ለሚቀጥለው ወር ብቅ በል" ይልሃል። አንተም በይሉኝታ ትመላለሳለህ። ይሄ ሁሉ ሲሆን ሰዓቱ እየሄደ ነው።

"ከሥራ የተባረርኩት ያላግባብ ነው፣ ወደ ሥራዬ መልሱኝ" የሚል ክስ ውሉ ከተቋረጠ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። የስንብት ክፍያና ሌሎች ከውሉ መቋረጥ የሚመነጩ ክፍያዎችን መጠየቂያው 6 ወር ነው። ያልተከፈለ ደመወዝና የትርፍ ሰዓትም መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ 6 ወር ነው። ከዚያ በኋላ እውነትህ ተራራ ቢያክል ዳኛው "ይርጋ" ብሎ ሊዘጋብህ ይችላል። ለአሠሪው "ነገ ና" ማለት ነፃ ነው፤ ለአንተ ግን እያንዳንዱ ነገ ከ90 ቀንህ አንዱን ይበላል።

ስንብቱ ሕገ ወጥ ነው ከተባለ ምን ታገኛለህ? ፍርድ ቤቱ ወደ ሥራህ ሊመልስህ ይችላል፤ በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት እስከ 6 ወር የሚደርስ ውዝፍ ደመወዝም ሊወስንልህ ይችላል። ካልመለሰህና ውልህ ላልተወሰነ ጊዜ ከሆነ ከስንብት ክፍያው በተጨማሪ የቀን ደመወዝህ በ180 ተባዝቶ ካሳ ይሆናል። በእኛ ምሳሌ 54,000 ብር። በዚህ ላይ የማስጠንቀቂያው ጊዜ ደመወዝ አለ።

የት ትሄዳለህ? መጀመሪያ ማኅበር ካለ ወደ ማኅበርህ። በአካባቢህ ወዳለው የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ። ከዚያ ወደ መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት። ችሎቱ ክሱ በቀረበ በ60 ቀን ውስጥ እንዲወስን ሕጉ ያዛል፤ ለሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያም አትጠየቅም። "ጠበቃ መቅጠሪያ የለኝም" ብለህ ቤትህ አትቀመጥ።

የምትሰማቸው ውሸቶች

"የጽሑፍ ውል የለህም፣ ስለዚህ መብት የለህም።" ውሸት! የሥራ ውል በቃልም ይጸናል። ውሉ በጽሑፍ አለመሆኑ ሠራተኛውን መብቱን አያሳጣውም። የባንክ ስቴትመንት፣ መታወቂያ፣ የፈረምክበት የሰዓት መቆጣጠሪያ፣ አብሮህ የሠራ ምስክር፣ ሁሉም ማስረጃ ነው።

"ኮንትራትህ የሦስት ወር ነበር፣ አለቀ።" ሦስት ወር ለሦስት ዓመት ሲታደስ የኖረ ኮንትራት ምን ዓይነት ሦስት ወር ነው? የሥራ ውል በመርህ ደረጃ ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል። ለተወሰነ ጊዜ የሚደረገው አንቀጽ 10 በዘረዘራቸው ሁኔታዎች ብቻ ነው። ሥራው ዓመት እስከ ዓመት የማይቋረጥ ሆኖ ሳለ ወረቀቱን ብቻ እየቆራረጡ ማደስ ሕጉን መሸወድ ነው።

"ለጊዜው ያለ ደመወዝ ቤትህ ቆይ፣ እንጠራሃለን።" በገንዘብ ችግር ምክንያት ውልን ማገድ ይቻላል፤ ግን አሠሪው በ3 ቀን ውስጥ ለሚመለከተው የመንግሥት አካል በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት፤ ዕገዳው ቢፈቀድም ከ90 ቀን አይበልጥም። ማሳወቁን ጠይቅ፣ የተፈቀደበትን ደብዳቤ ጠይቅ። እየጠበቅክ የይርጋው ጊዜ እንዳያልፍብህ።

"ድርጅቱ ከስሯል፣ ከየት አምጥተን እንክፈል?" ይሄኛው ከሁሉም አንጀት የሚበላ ነው፤ አንዳንዴም እውነት ነው። የውጭ ምንዛሪ እጥረት፣ ጦርነት፣ የመንገድ መዘጋት ስንቱን ባለሱቅና ባለፋብሪካ አንበርክኮታል። ግን ሕጉ ይሄንንም አስቦበታል። ከሥራ ግንኙነት የሚመነጭ የሠራተኛ ክፍያ ከሌሎች ዕዳዎች ቅድሚያ አለው። ባንኩ ማሽኑን ለመውሰድ በር ላይ ቆሞ አንተ በጓሮ በር የምትወጣበት ምክንያት የለም። ደሞስ ድርጅቱ ሲያተርፍ ትርፉን ለአንተ አካፍሎህ ነበር? ሲከስር ኪሳራውን ለምን ብቻህን ትሸከማለህ?

"እንዲህ ያለ ሕግ ኢንቨስተር ያባርራል" የሚሉም አሉ። ያለ በቂ ምክንያት ሠራተኛ አይሰናበትም የሚለው መርህ ትናንት የመጣ አይደለም። ኢትዮጵያ የዓለም ሥራ ድርጅትን የሥራ ስንብት ስምምነት ቁጥር 158ን ያጸደቀችው በ1983 ዓ.ም. ነው። ሕጉን አውቆ የገባ ኢንቨስተር ሕጉን አክብሮ ይውጣ። ማክበር ካልፈለገ ከመጀመሪያውም የመጣው እጃችን ርካሽ ስለሆነ ብቻ ነበር።

ቀዳዳዎቹን አንደብቅ

ይሄ ሕግ ሙሉ ነው ብዬ አልሸውዳችሁም። ሥራ አመራሮችን አያካትትም፣ የመንግሥት ሠራተኛውም የራሱ ሕግ አለው። የቤት ሠራተኞች ደሞ ከዚህ አዋጅ ውጭ ናቸው። ስንቶቻችን ነን የእናታችን ወይም የእህታችን የቤት ሠራተኝነት ደመወዝ ያስተማረን? የቤት ሠራተኛዋ በአንድ ቃል "ውጪ" ስትባል ከዚህ አዋጅ የምትይዘው አንቀጽ የላትም።

ሁለተኛው ቀዳዳ፣ ለግሉ ዘርፍ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል አለመኖሩ ነው። አዋጁ የደመወዝ ቦርድ በደንብ እንደሚቋቋም ይጠቅሳል፤ ወለሉ ግን የለም። ከላይ ያሰላነውን አስተውል፦ ሁሉም ነገር የሚባዛው በቀን ደመወዝህ ነው። ደመወዝህ ኢምንት ከሆነ የስንብት ክፍያህም ኢምንት ነው። በቀን 50 ብር የምታገኝ ልጅ አራት ዓመት ሠርታ በቅነሳ ስትወጣ ይሄ ሁሉ ስሌት 6,000 ብር ነው የሚሰጣት። ስለዚህ ትግሉ ያለውን በማስከፈል ይጀምራል እንጂ እዚያ አያልቅም።

እና ምን እናድርግ?

ብቻውን የቆመ ሠራተኛ ሕግ ቢያውቅም ይፈራል። እውነት ነው፣ ኪራይ አለበት። ለዚህ ነው ማኅበር ያስፈለገው። 10 ሠራተኛ ባለበት ድርጅት የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም ይቻላል፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 የተቀመጠ መብት ነው። የዚህ አገር ሠራተኛ በ1955 ዓ.ም. በጃንሆይ ዘመን የመጀመሪያውን አገር አቀፍ የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን አቁሞ ነበር። ቅድመ አያቶቻችን ያለ ፌስቡክ የተደራጁበትን እኛ ሁለት ሲምና አምስት ግሩፕ ይዘን ያቅተናል?

ስለዚህ ላይክህ ይቅርብኝ፤ ሦስት ነገር አድርግልኝ።

ዛሬ ማታ የሥራ ውልህን፣ የደመወዝ ወረቀቶችህንና መታወቂያህን ፎቶ አንሥተህ ከሥራ ቦታ ውጭ አስቀምጥ። ከደመወዝህ ለጡረታ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል፤ ብሩ በእርግጥ ገቢ መደረጉን አጣራ። የሚቆረጥ ሁሉ የሚገባ እንዳይመስልህ።

ነገ አንድ ሰው አስተምር። ፋብሪካ ያለችውን እህትህን፣ ሆቴል ያለውን የሰፈርህን ልጅ። ሌላው ቢቀር አራት ቁጥር ታስታውስ፦ አንቀጽ 25፣ አንቀጽ 29፣ 3 ወር፣ 6 ወር።

በዚህ ሳምንት ደሞ በየወረዳው፣ በየካምፓሱ ያላችሁ አስተባባሪዎች አንድ ስብሰባ ለዚህ ስጡ። በመካከላችን ሕግ የተማሩ ሥራ ፈላጊዎች ሞልተዋል። የተባረረ ወገን ሲመጣ ክስ የሚጽፍለት፣ ቀን የሚቆጥርለት፣ ችሎት አብሮት የሚቀመጥ ሰው እንመድብ። ይሄ በጀት አይጠይቅም፣ አንድ እስክሪቢቶና አንድ ወንበር ይበቃል።

ለወገን እንሞታለን የምንል ብዙ ነን። ማንም ሙት አላለንም። የወገናችን 36,000 ብር ሲወሰድ ግን ከጎኑ ቁጭ ብለን አንድ ማመልከቻ እንጻፍለት። ይሄን ያልቻለ ፍቅር ነገ ለትልቁ ነገር ይደርሳል ብዬ አላምንም።

አትፈርም! አንብብ! አስላ! ቀን ቁጠር!

ያነበብክ አስነብብ። ላልሰማ አሰማ።